በድርሰት ትምህርት የወደቀችው ደራሲ

የድርሰት ደብተር በቀይ ቀለም ሳርም፣ አንዲት አሜሪካዊት ትዝ ትለኛለች። ሱዛን ኤሎዊዝ ሂንተን በ1948 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) በኦክላሆማ፣ ቱልሳ ከተማ ተወለደች። በትምህርት ቤቷ የድኻና የሀብታም ልጆች በጎራ ተለያይተው ይደባደቡ ነበር። አንድ ጓደኛዋ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቢደበደብባት ተናድዳ ብዕር አነሣች፤ ዕድሜዋ ገና 15 ዓመት ነበር። እኛን መምህራንን የሚያሳፍረን ግን፣ ልብ ወለዱን በምትጽፍበት ዓመት በድርሰት ትምህርት ያገኘችው ማርክ «ዲ» መሆኑ ነው!

«ዘ አውትሳይደርስ» የተባለው ይኸው መጽሐፍ በ1967 ታተመ። ወንዶች ሐያስያን የሴት ድርሰት ነው ብለው እንዳይንቁት፣ አሳታሚዎቹ ስሟን «ኤስ. ኢ. ሂንተን» ብላ እንድታሳጥር መከሯት። ዝናው ግን ሸክም ሆነባት፤ ሦስት ዓመት ያህል መጻፍ ተሳናት። ያላቀቃት በኋላ ባሏ የሆነው ወዳጇ ነው፤ በቀን ሁለት ገጽ ካልጻፈች አብሯት ለሽርሽር አይወጣም ነበር። (ከእኛ ይልቅ መምህር እርሱ ነው!) ሁለተኛው መጽሐፏ በ1971 ወጣ።

የካሊፎርኒያ ተማሪዎችና የቤተ መጻሕፍት ኃላፊያቸው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላን በደብዳቤ ለምነውት፣ የመጀመሪያው ልብ ወለዷ በ1983 ፊልም ሆነ። ለወጣቶች የሚጽፉ ደራስያን የሚከበሩበት የማርጋሬት ኤድዋርድስ ሽልማት በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥም፣ የተቀበለችው ያቺው ባለ «ዲ»ዋ ተማሪ ነበረች።