ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሰው አለ?

ባለፈው ዓመት አንዲት መረጃ ሰብሳቢ ታብሌቷን ይዛ ቤታችን መጣች። «ስንት ናችሁ?» ስትል እናቴ «አምስት» አለቻት። ልጅቷ ቡና የምታፈላውን አየት አድርጋ «እሷስ?» አለች።

«እሷማ ሠራተኛችን ናት!»

«እዚሁ የምታድር ከሆነ ትቆጠራለች» ብላ ሙሉ ስሟን ጠየቀችን። እኛ ቤት ሦስት ዓመት ሠርታለች። የአባቷን ስም ግን አንዳችንም አናውቅም ነበር።

እኔ ደግሞ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ነኝ እኮ! ስለ ሥራ ገበያ የመመረቂያ ጽሑፌን ስጽፍ ሻይ የምታመጣልኝ እሷ ነበረች። ጽሑፉ ውስጥ ግን ስለ ቤት ሠራተኛ አንድ መስመር የለም።

አፍሬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከፍቼ አነበብኩ። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ ለወሊድ ደግሞ 120 ቀን አለ። የቤት ሠራተኛዋ ግን እዚህ ውስጥ የለችም። የእሷ ነገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይታያል ተብሎ ተትቷል። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ 377/96ም እንዲሁ ብሎ ነበር። ደንቡ ሳይወጣ አዋጁ ራሱ ተቀየረ። የቀራት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው።

ታዲያ ለምን ማንም አልጮኸላትም? አንዱ ምክንያት ቁጥር ነው። የሠራተኛ ማህበር ለማቋቋም ቢያንስ 10 አባል ያስፈልጋል። ፋብሪካ ውስጥ 10 ሰው በምሳ ሰዓት ይገናኛል። የቤት ሠራተኞች ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ግቢ ተዘግቶባቸው አሥሩ የት ይገናኙ? በከተማው ስንትና ስንት ሆነው፣ በየቤቱ ግን አንድ አንድ ናቸው። ለብቻዋ የቆመች ሴት ደግሞ ደመወዝ ጨምሩልኝ ስትል የሚመለስላት «ካልተመቸሽ ሂጂ» ነው።

ደንቡን እኔ አላወጣም። ግን አንድ ገጽ የሥራ ውል ማርቀቅ አያቅተኝም ብዬ ደመወዙን፣ የእሁድ ዕረፍቱንና የመኝታ ሰዓቱን ጻፍኩ። እናቴ «ደግሞ ሕግ አመጣህብኝ!» ብላ አጉረመረመች፤ በኋላ ግን ፈረመች። ልጅቷን «ምን ይጨመር?» አልኳት። ዝም አለች። ደግሜ ስጠይቃት «የማታ ትምህርት የምሄድበት ሰዓት» አለችኝ።

ለአምስታችንም ትዝ ያላለን ነገር ነበር።

እናንተ ቤት ያለችው ልጅ የአባቷ ስም ማን ነው?