ደረጃ ይወጣሉ፣ በር ላይ ግን ይቆማሉ፦ ለፓርኪንሰን ታማሚ ወለል ላይ የሚለጠፍ መስመር ምን ይጠቅማል?



ዛሬ ከአንድ ታካሚዬ ታሪክ ልጀምር። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።

ዕድሜያቸው ወደ 70 የሚጠጋ አባት ናቸው። ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል። ለክትትል የመጡት ከልጃቸው ጋር ነበር። ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ ምሬቷን ጀመረች።

«ዶክተር፣ አባዬ አስቸግሮናል። የቤታችንን ደረጃ ማንም ሳይደግፈው ነው የሚወጣው። ሽንት ቤት በር ላይ ሲደርስ ግን ተገትሮ ይቀራል። ደረጃ የሚወጣ ሰው እንዴት በር ማለፍ ያቅተዋል? አንዳንዴ ሆን ብሎ ይመስለኛል።»

አባትየው አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ።

እኔም በወረፋው ብዛት ተጣድፌ «እንግዲያው ሲቆሙ እጃቸውን ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቧቸው» አልኩ። ምክሬ ስህተት ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግንባራቸው ላይ ቁስል ይዘው መጡ። በሩ ላይ ሲስቧቸው እግራቸው ካለበት አልተነቃነቀም፤ ከወገብ በላይ ግን ወደፊት ሄደ፣ ወደቁ። ደግነቱ አጥንታቸው አልተሰበረም። በዚህ ዕድሜ አንድ ውድቀት የዳሌ አጥንት ሰብሮ ሰውን አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላል።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ በደንብ ያነበብኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

🔹 እግር ለምን ድንገት ይቆማል?

አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል የሚያመርቱ ሕዋሳት አሉ። ፓርኪንሰን የሚመጣው እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ ነው። ስሙን ያገኘው በ1817 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሕመሙ ከጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው የእጅ መንቀጥቀጡን ነው። እርምጃም ግን ይለወጣል፤ ያጥራል፣ እግር ይጎተታል። ሕመሙ ሲቆይ ደግሞ ብዙዎቹ ላይ እግር መሬት ላይ የተጣበቀ ያህል ድንገት ይቆማል። ሰውየው መሄድ ይፈልጋል፣ እግሩ ግን እምቢ ይላል። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው፦

• ከተቀመጡበት ተነስተው መራመድ ሲጀምሩ
• ሲዞሩ
• በር ላይ፣ ጠባብ ቦታና ሰው የበዛበት ላይ
• ሲቸኩሉ (ስልክ ሲጮህ፣ ሽንት ሲያጣድፍ፣ የታክሲ ረዳት «ቶሎ በሉ» ሲል)
• እየተራመዱ ሲያወሩ ወይም ዕቃ ሲይዙ
• የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ

🔹 ታዲያ ደረጃውን እንዴት ወጡት?

ጤነኛ ሰው ሲራመድ «አሁን ቀኝ፣ አሁን ግራ» ብሎ አያስብም። ልክ እንደ አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ራሱ ይቀያየራል። ፓርኪንሰን በዋናነት የሚያበላሸው ይሄንን አውቶማቲክ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ችግሩ የጡንቻ ድካም አይደለም፤ ስንፍናም፣ እልህም አይደለም።

አንጎል ግን ሌላም መንገድ አለው። ዓይን መሬት ላይ የሚሻገሩት ነገር ሲያይና ሐሳብም እዚያ ላይ ሲያተኩር፣ እርምጃው በዚያ ምልክት ይመራል። ማርሹን በእጅ እንደማስገባት ቁጠሩት። ደረጃ ላይ እያንዳንዱ ጠርዝ «እዚህ ርገጥ» የሚል ምልክት ነው። ለጥ ያለ ወለል ላይ ግን ምንም ምልክት የለም፤ እግር የሚመካው በተበላሸው አውቶማቲክ ላይ ብቻ ነው። በር ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ለንደን ይሠራ የነበረው የነርቭ ሐኪም ጄምስ ፐርደን ማርቲን በ1967 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ መሬት ላይ በአግድም የተሠመሩ መስመሮች ታማሚዎችን እንደሚያራምዱ አሳይቷል። በ1990ዎቹ ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ሜግ ሞሪስ እና ባልደረቦቿ ወለል ላይ ምልክት ሲደረግላቸው የታማሚዎቹ አጭር እርምጃ ወደ ጤነኛ ሰው እርምጃ ርዝመት እንደሚጠጋ ለክተው አረጋግጠዋል። ማለትም ረጅም እርምጃ የመራመድ አቅሙ አልጠፋም፤ የሚቀሰቅሰው ነገር ነው የጎደለው።

🔹 ቤት ውስጥ እንዴት እናዘጋጅ?

የሚያስፈልገው ባለቀለም ፕላስተር ብቻ ነው።

1. ታማሚው የሚቆሙባቸውን ቦታዎች ለዩ። አብዛኛውን ጊዜ ሽንት ቤት በር፣ መኝታ ቤት በር፣ አልጋው አጠገብ እና ኮሪደር ነው።

2. ከወለሉ ጋር የማይመሳሰል ቀለም ምረጡ። ነጭ ሴራሚክ ላይ ጥቁር ወይም ቀይ፣ ጠቆር ያለ ጣውላ ወይም ሊሾ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ።

3. መስመሩ መንገዱን የሚያቋርጥ ይሁን፤ እንደ ደረጃ እርከን ማለት ነው። በሚሄዱበት አቅጣጫ እንደ ባቡር ሐዲድ ከዘረጋችሁት የሚሻገሩት ነገር አይኖርም።

4. በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት የታማሚው ጥሩ እርምጃ ያህል ይሁን። መድኃኒቱ በደንብ ሲሠራላቸው ሲራመዱ ለኩት። ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢለካላችሁ ይመረጣል።

5. በሩ ጋ ስትደርሱ አታቁሙ። ከበሩ በፊት ሦስት አራት፣ ደፉ ላይ አንድ፣ ከበሩ በኋላም ሁለት ሦስት መስመር ለጥፉ። በሩ ላይ ካበቃ እዚያው ሊቆሙ ይችላሉ።

6. ጫፉ የተነሳ ፕላስተር ራሱ ያደናቅፋል። በደንብ ለጥፉት፣ ሲላላ ቀይሩት። ተንሸራታች ምንጣፍ አንሱ። ነጠላ ጫማ ይቅርና ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይሁን።

7. ሌሊት መብራት ይኑር። በጨለማ የማይታይ መስመር ዋጋ የለውም። መብራት ሲጠፋ የሚሆን ባትሪ አልጋው አጠገብ አስቀምጡ።

ሲለማመዱ ቀጥሎ ያለውን መስመር እያዩ፣ ተረከዝ አስቀድመው መስመሩን ይሻገሩ። ልምምዱ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት፣ አጠገባቸው ሰው እያለ ይሁን።

ውጭ ሲወጡስ? ዜብራ፣ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ መገናኛ፣ አስፋልት ላይ ያለ ስንጥቅ፣ ሁሉም መስመር ሊሆን ይችላል። ኮብልስቶን ላይ ግን ወለሉ ወጣ ገባ ስለሆነ ጥንቃቄ አይለያችሁ።

🔹 እግር ሲቆም ምን እናድርግ?

❌ አትሳቡ፣ ከኋላ አትግፉ፣ «ቶሎ በል እንጂ!» አትበሉ። ጥድፊያ ያብሰዋል።

✅ መጀመሪያ ይቁሙ፤ ለመሄድ መታገሉን ይተዉት። አንዴ በረጅሙ ይተንፍሱ። ቀና ይበሉ። ክብደታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ ብለው ያዛውሩ። ከዚያ በሐሳባቸው መስመር መርጠው አንድ ትልቅ እርምጃ ይራመዱ።

✅ እምቢ ካለ፣ እናንተ ከጎናቸው ቆማችሁ (ከፊታቸው አይደለም) እግራችሁን ከእግራቸው ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ በአግድም አስቀምጡና «አባዬ፣ እግሬን ተሻገር» በሉ። መስመሩ እናንተ ሆናችሁ ማለት ነው። ክንዳቸውን ለመደገፍ ዝግጁ ሁኑ።

✅ ድምፅም ይሠራል። «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መቁጠር፣ ማጨብጨብ፣ ስልካችሁ ላይ ምት የሚሰጥ አፕ መክፈት። ለአንዳንዱ ሰው ከመስመር ይልቅ ምት ይሻለዋል፤ ሁለቱንም ሞክሩ።

ሲዞሩም ባሉበት እንዳይሽከረከሩ፤ ሰፋ አድርገው በግማሽ ክብ ይዙሩ።

🔹 እውነቱን ልንገራችሁ

መስመር ሕመሙን አያድንም። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት በቤልጂየም፣ በእንግሊዝ እና በኔዘርላንድስ 153 ታማሚዎችን በየቤታቸው ለሦስት ሳምንት በምልክት እንዲለማመዱ አድርጎ ነበር። አረማመዳቸው ተሻሻለ፤ ለውጡ ግን መጠነኛ ነበር፣ ልምምዱ ሲቆም ደግሞ ቀነሰ። ስለዚህ «አንዴ ለጥፈናል» ብሎ መተው ሳይሆን በየቀኑ መለማመድ ነው። የማየት ወይም የማስታወስ ችግር ላለባቸው ደግሞ ላይሠራ ይችላል።

የመድኃኒትን ቦታም አይተካም። ሌቮዶፓ የያዘውን መድኃኒት በራሳችሁ አትጨምሩ፣ በድንገትም አታቋርጡ። ይልቅ እግራቸው የቆመበትን ሰዓትና መድኃኒት የወሰዱበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ብቻ ከሆነ የአወሳሰዱን ሰዓት በማስተካከል ብዙ ሊሻሻል ይችላል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ደግሞ ፓርኪንሰንን ስለሚያባብስ፣ ማንኛውንም መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት «ፓርኪንሰን አለበት» ብላችሁ ተናገሩ።

‼️ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ፦ ደጋግመው ከወደቁ፣ ወድቀው ጭንቅላታቸው ከተመታ፣ አረማመዳቸው በቀናት ውስጥ በድንገት ከባሰ፣ ወይም ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት መውደቅ ከመጣ (ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል)።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ በወ/ሮ ክብራ ከበደ የተቋቋመ የፓርኪንሰን ታማሚዎች ድጋፍ ድርጅት አለ። ብቻችሁን አይደላችሁም።

ወደ አባታችን ልመለስ። ለልጅቷ ይሄንኑ አስረዳኋት፣ ስለ መጀመሪያው ምክሬም ይቅርታ ጠየቅኩ። ከወር በኋላ ሲመጡ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሽንት ቤት በር ላይ ቀይ መስመሮች ተለጥፈዋል። አባትየው መጡ፣ በሩ ላይ ትንሽ አመነቱ፣ መስመሩን አዩ፣ ተሻገሩ። ሁልጊዜ እንደዚህ እንደማይሳካ፣ አንዳንድ ቀን አሁንም እንደሚቆሙ ነገረችኝ።

አባትየው ግን ያን ቀን አንገታቸውን አልደፉም። «አሁን እኮ አትቆጣኝም» አሉኝ ወደ ልጃቸው እያዩ።

ይሄንን ጽሑፍ አባት፣ እናት ወይም ጎረቤት በፓርኪንሰን ለሚታመምበት ሰው ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ፤ ጽሑፉ ግን አካላዊ ምርመራን አይተካም።

ጤና ይብዛላችሁ!