ድምፅዎን የለመደው ፎልደር

የእጅ አንጓዬን አሞኝ ኪቦርድ እንዳልነካ በተከለከልኩበት ጊዜ የእንግሊዝኛ ጽሑፎቼን ሁሉ የምጽፈው በአፌ ነበር። እኔ ማይኩ ላይ እናገራለሁ፤ ኮምፒውተሩ ይጽፋል። መጀመሪያ አካባቢ «ጌታቸው» ባልኩ ቁጥር «ጌት ኤ ቼር» ብሎ ይጽፍልኛል፤ ወንበር አምጣ እንደማለት ነው። አረምኩት፣ ደግሜ አረምኩት፣ ስሙን መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አስገብቼ በድምፄ አስለመድኩት። ከወራት በኋላ ጌታቸውን ሳይሳሳት መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ። ሶፍትዌሩን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ለመጫን አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። «ጌታቸው» ስል ግን ያ ወንበር ተመልሶ መጣ።

የጠፋብኝ የተጠቃሚ ፕሮፋይል የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ፕሮፋይል ሲባል የተቀዳ ድምፅ ይመስለዋል። ዋናው ሀብት ግን ማሽኑ ከዚያ ድምፅ የተማረው ነው። ሶፍትዌሩ ሲገዛ የብዙ ሰዎችን አነጋገር አማካይ ይዞ ይመጣል፤ እርስዎ ሲናገሩና ሲያርሙት ያ አማካይ ቀስ በቀስ ወደ እርስዎ ድምፅና ወደ ማይክዎ ጠባይ ይጠጋል። ፕሮፋይሉ ከዚህ ሌላ የጨመሯቸውን ቃላትና የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የሚያሳይ ግምት ይይዛል።

«ጌታቸው» ወንበር የሚሆነው ለምንድን ነው? ጄምስ ቤከር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ንግግርን የመለየት ሥራ የዕድል ስሌት መሆኑን አሳየ። ማሽኑ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፦ የሰማሁት ድምፅ ለየትኛው ቃል ይቀርባል? ያ ቃል እዚህ ቦታ የመምጣት ዕድሉስ ምን ያህል ነው? «ጌት ኤ ቼር» በእንግሊዝኛ የተለመደ አባባል ነው፤ ጌታቸውን ግን ማሽኑ ከነጭራሹ አያውቀውም። ስለዚህ ወንበሩ ያሸንፋል። ቤከር ከባለቤቱ ከጃኔት ጋር በ1982 ድራገን ሲስተምስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1997 ድራገን ናቹራሊስፒኪንግ የተባለው ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሶፍትዌር ገበያ ላይ ዋለ። የዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች ያለ ረጅም ልምምድ ይሠራሉ፤ የሰው ስም ላይ ግን አሁንም ይደናቀፋሉ።

ድራገን ፕሮፋይሉን አልፎ አልፎ በራሱ ባክአፕ ያደርጋል። ነገር ግን ቅጂው እዚያው ዲስክ ላይ ከሆነ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ፕሮፋይሉን በሶፍትዌሩ የራሱ ትእዛዝ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ይላኩት። ሶፍትዌሩ ክፍት እንዳለ ፕሮፋይሉ ያለበትን ፎልደር በእጅ መቅዳት ጎዶሎ ቅጂ ሊሰጥዎ ይችላል።

ብዙዎች የማያስቡት ሌላም አደጋ አለ። ጉንፋን ይዞዎት ወይም ማይኩ ተበላሽቶ ቀኑን ሙሉ ቢሠሩና ለውጡን ቢያስቀምጡት፣ ማሽኑ የታመመውን ድምፅ የእርስዎ ብሎ ይማራል። እንዲህ ባለው ቀን ሲዘጉ «ለውጡን ላስቀምጥ?» ቢልዎ «አይ» ይበሉት። አንድ ቅጂ ብቻ እየደጋገሙ ከላዩ ላይ መጻፍም አይበቃም፤ የተበላሸው ደህናውን ይደመስሰዋል። ቀን የተጻፈባቸው ሦስት አራት ቅጂዎች ይኑርዎት፤ ወደ ጤናማው የሚመለሱት በእነሱ ነው። ወደ ቦታው ሲመልሱም የሶፍትዌሩን ሥሪት ይመልከቱ፤ በአዲሱ ሥሪት የተሠራ ፕሮፋይል በአሮጌው ላይከፈት ይችላል።

እጁን ማዘዝ ለማይችል ሰው ይህ ፎልደር እስክሪብቶው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቤትዎ ካለ፣ ዛሬ ድምፁ ደህና ሳለ ቅጂውን አብራችሁ አውጡና ፍላሹን ከኮምፒውተሩ አርቃችሁ አስቀምጡት።