ፎሶሊያ ለውሻ ቀለብ፦ አዘገጃጀት፣ መጠንና ጥንቃቄ

መግቢያ

በከተማ መኖሪያ ቤቶች የሚያድጉ ብዙ ውሾች የሚመገቡት ከቤተሰቡ ማዕድ የተረፈውን ነው። በጾም ወቅት ከሚተርፉት ምግቦች አንዱ ፎሶሊያ ነው። በሌላ በኩል ውሻቸው ከመጠን በላይ የወፈረባቸው ባለቤቶች ይህንኑ አትክልት ለክብደት መቀነሻ ይጠቀሙበታል። ሁለቱም ልማዶች «ፎሶሊያ ለውሻ ይስማማል ወይ?» የሚል ጥያቄ ያስነሳሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ እንደሚያብራራው፣ አትክልቱ ራሱ ለጤናማ ጎልማሳ ውሻ የሚያሰጋ አይደለም፤ ጉዳት የሚመጣው አብሮት ከሚበስለው ነገርና በእርሱ ምክንያት ከዕለት ቀለቡ ከሚቀነሰው ምግብ ነው።

ፎሶሊያና ቦሎቄ

ፎሶሊያና ቦሎቄ ፋሲዮለስ ቩልጋሪስ የሚባል የአንድ ተክል ዝርያ ውጤቶች ናቸው። ፎሶሊያ የሚባለው ፍሬው ሳይጠነክር ከነሽፋኑ በለጋነቱ ሲለቀም ነው፤ ቦሎቄ ደግሞ በስሎ የደረቀው ፍሬ ነው። ልዩነቱ ከደኅንነት አንጻር ትርጉም አለው። ጥሬ ደረቅ ቦሎቄ፣ በተለይም ቀዩ፣ ፋይቶሄማግሉቲኒን የተባለ የሌክቲን ዓይነት በብዛት ስለሚይዝ የአንጀትን ግድግዳ ይጎዳል፤ ትውከትና ተቅማጥም ያስከትላል። ይህ ንጥረ ነገር የሚጠፋው በሚፈላ ውሃ በደንብ ሲቀቀል ነው፤ ከመፍላት ባነሰ ሙቀት ማብሰል አይበቃም። በለጋው ፎሶሊያ ውስጥ ያለው መጠን አነስተኛ ሲሆን፣ መቀቀሉ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ስለ ፎሶሊያ የሚነገረውን ምክር ጥሬ ወይም በደንብ ላልበሰለ ቦሎቄ ማዋል ስሕተት ነው።

የምግብ ይዘቱ

100 ግራም ጥሬ ፎሶሊያ 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። 31 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ኃይል፣ 2.7 ግራም አሰር እና 1.8 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ሆድ የሚሞላ ነገር ግን ኃይል ሰጪነቱ አነስተኛ በመሆኑ፣ ለወፈረ ውሻ ከብስኩትና ከሥጋ ቁራጭ ይልቅ የተሻለ መቆያ ነው።

ከሽንኩርት ጋር የበሰለ ፎሶሊያ

በአገራችን ፎሶሊያ በአብዛኛው የሚሠራው ቀይ ሽንኩርት በዘይት ከቁላላ በኋላ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ተጨምሮበት ነው። በሽንኩርት ዝርያዎች ውስጥ የሚገኙ የድኝ ውሕዶች በውሻ ቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ኦክሲዳይዝ በማድረግ ሕዋሳቱ እንዲፈርሱ ያደርጋሉ፤ ውጤቱም የደም ማነስ ነው። ማብሰልም ሆነ ማድረቅ ይህን መርዛማነት አያስወግደውም። በእንስሳት ሕክምና ጽሑፎች እንደተመዘገበው፣ ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት በውሻ ደም ላይ ጉልህ ለውጥ ያመጣል። 5 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ውሻ የታችኛው መጠን 75 ግራም ሲሆን፣ ይህም አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት እንኳ አይሞላም። በየቀኑ የሚሰጥ አነስተኛ መጠንም ሊጠራቀም ይችላል።

ድካም፣ የድድ መገርጣት፣ የትንፋሽ መፍጠንና የሽንት መጥቆር ብዙውን ጊዜ የሚታዩት ከጥቂት ቀናት በኋላ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ሕመሙን ከምግቡ ጋር ላያያይዘው ይችላል። የሽንኩርቱን ቁርጥራጭ ለቅሞ ማውጣትም መፍትሔ አይሆንም፤ ውሕዶቹ ከዘይቱና ከመረቁ ጋር ተዋሕደዋልና።

መጠን

የአንድ ውሻ የዕረፍት ጊዜ የኃይል ፍላጎት የሚሰላው፣ በኪሎ ግራም የተለካው ክብደት በ0.75 ኃይል ከፍ ብሎ በ70 ሲባዛ ነው። 10 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ውሻ ውጤቱ 394 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ውሻው የተኮላሸ ጎልማሳ ከሆነ ይህ በ1.6 ተባዝቶ ወደ 630 ይደርሳል። ከዋናው ቀለብ ውጭ የሚሰጥ ምግብ ከዕለቱ ኃይል 10 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚመከር፣ ጣሪያው 63 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም 200 ግራም ገደማ ፎሶሊያ ይሆናል። ይህ ግን በስሌት የተገኘ ወሰን ነው። አሰሩ ጋዝና ተቅማጥ ሊያመጣ ስለሚችል በጥቂት ቁራጮች ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይገባል።

የቀለቡን ግማሽ በፎሶሊያ መተካት ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ሲደረግ ኃይሉ ብቻ ሳይሆን ከዋናው ቀለብ የሚገኘው ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ቫይታሚንም በግማሽ ይቀንሳል፤ ውሻው ከስብ ጋር ጡንቻም ሊያጣ ይችላል። በትርፍራፊ የሚኖር ውሻ ቀለቡ ቀድሞውኑ ያልተሟላ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ክብደትን መቆጣጠር በራሱ ጥቅሙ የተረጋገጠ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ 48 የላብራዶር ውሾችን ዕድሜ ልካቸውን በተከታተለ ጥናት፣ ከጥንዶቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የተመገቡት መካከለኛ ዕድሜ 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ነበር። ሆኖም ሁለቱም ቡድኖች የተመገቡት አንድ ዓይነት የተመጣጠነ ቀለብ ነበር፤ የተቀነሰው መጠኑ ነው።

ማጠቃለያ

ለውሻ የሚሰጥ ፎሶሊያ ወደ ወጡ ድስት ከመግባቱ በፊት ተለይቶ፣ ያለ ጨውና ያለ ዘይት በውሃ ብቻ ሊቀቀልና እንዳያንቀው በአጭሩ ሊከተፍ ይገባል። የታሸገው ጨው ስለሚበዛበት ውሃው ተደፍቶ መታጠብ አለበት። ለቡችላ፣ ለእርጉዝና ለታመመ ውሻ ከመስጠት በፊት፣ እንዲሁም ማንኛውንም የክብደት መቀነሻ ዕቅድ ከመጀመር አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።