ከጠረጴዛ ወደ ስክሪን፦ የልውውጥ ካርታ ጨዋታን መልካም የሚያሰኘው ምንድን ነው?



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ጠባብ ይመስላል፤ በእጅ የሚያዝ የካርታ ጨዋታ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ምኑ ሊቀር፣ ምኑስ ሊጠበቅ ይገባል? ዋናው ምሳሌዬ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ያለው ሪቻርድ ጋርፊልድ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ የቀረበው «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» ነው። ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በተለመደው የጨዋታው ዓይነት እያንዳንዱ ተጫዋች ከራሱ ስብስብ ቢያንስ 60 ካርታዎችን መርጦ ይቀርባል። ስብስቡን የሚያሳድገውም የታሸጉ ጥቅሎችን በመግዛትና ከሌሎች ጋር በመለዋወጥ ነው።

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚከናወነው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ካርታ መበወዝ፣ ነጥብ መቁጠርና ደንብ ማስከበር ነው፤ ይህን ማሽኑ ቢረከበን እፎይታ ነው። ሁለተኛው ግን ድካም ቢመስልም የጨዋታው ነፍስ ነው። ተቀናቃኜ ካርታ ባወጣ ቁጥር መልስ የመስጠት ዕድል አለኝ። የሚረባ ካርታ ባልይዝ እንኳ ለአፍታ ዝም ካልሁ ይጠራጠራል።

ይህን ዝምታ ንድፍ አውጪዎች በሦስት መንገድ አስተናግደውታል። በ2002 የወጣው «ማጂክ ኦንላይን» ዕድሉን እንዳለ ጠበቀ፤ በዚህም ተጫዋቹን ደጋግሞ ጠቅ በማድረግ አደከመው። በ2014 የወጣው «ሃርዝስቶን» የማጂክ ቅጂ ሳይሆን ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። በተቀናቃኝ ተራ መልስ መስጠትን አስቀርቶ፣ አስቀድመው የሚያጠምዷቸውን «ምሥጢር» የተሰኙ ካርታዎች አኖረ። በ2019 በይፋ የወጣው «ማጂክ አሬና» ደግሞ መልስ የሌለውን ተጫዋች ሳይጠይቅ ያልፈዋል። ጨዋታው ፈጠነ፤ ዳሩ ግን ማሽኑ ቆም ሲል ተቀናቃኙ «አንድ ነገር ይዟል» ብሎ ይገምታል። ተጫዋቹ በፈቀደው ቦታ ማሽኑን የሚያስቆምበት ምርጫ ባይጨመር ኖሮ ማታለል ትርጉም ባጣ ነበር።

ልውውጥም እንዲሁ ነው። «አሬና» እና «ሃርዝስቶን» ተጫዋቾች ካርታ እንዲለዋወጡ አይፈቅዱም፤ የጎደለን ካርታ ከጨዋታው ውስጥ በሚገኝ ምንዛሪ መሥራት ይቻላል። ይህ በእርግጥ ብርቅ ካርታ በገበያ ከሚወደድበት ሁኔታ ያድናል። በአንጻሩ ጋርፊልድ ራሱ የተሳተፈበትና ቫልቭ በ2018 ያወጣው «አርቲፋክት» ካርታ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ገበያ ነበረው፤ ሆኖም ተጫዋቾቹ ፈጥነው ተበተኑ፣ በ2021ም ልማቱ ቆመ። ለውድቀቱ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ገበያ ብቻውን ልውውጥን እንደማይተካ ግን አስባለሁ። በልውውጥ ሁለት ሰዎች ይተያያሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይተዋወቃሉ። የወረቀቱን ካርታ ለታናሽ ወንድሜ ላወርሰው እችላለሁ፤ የስክሪኑ ካርታ ግን ኩባንያው አገልግሎቱን ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ፈቃድ ነው።

እንግዲህ መመዘኛዬ ይህ ነው፦ መልካሙ ዲጂታል ጨዋታ ድካማችንን ይረከበናል፤ ማመንታትን፣ ማታለልንና መደራደርን ግን ለእኛው ይተውልናል። ኮምፒውተር ሌላውን የሰው ሥራ ሲረከብም ይህንኑ ጥያቄ እንድታነሡ አደራ እላለሁ።