የባሩድ ገበያ፦ ቁጥሩ አንድ፣ ዕቃው ሌላ

በአሜሪካ የአደን ዕቃ መደብሮች ሁለት የባሩድ ጣሳዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ሊገኙ ይችላሉ። አንዱ “ኤች 4895”፣ ሌላው “አይኤምአር 4895” የሚል ጽሑፍ አላቸው። ቁጥራቸው አንድ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ የሁለቱም የንግድ ምልክቶች ባለቤት የካንሳሱ ሆጅደን ኩባንያ ነው። ባሩዱ ግን አንድ አይደለም፤ ለአንዱ የተጻፈውን መጠን ለሌላው የተጠቀመ ሰው ከልክ ያለፈ ግፊት ሊፈጥርና ጠመንጃውን ፊቱ ላይ ሊያፈነዳ ይችላል።

በዚያ አገር የተተኮሰ ቀለህን በቤት መልሶ መሙላት ሕጋዊና የተለመደ ሥራ ነው። አዳኙ ወይም የኢላማ ተኳሹ ቀለሁን ያጸዳል፣ አዲስ ካፕሱል ይገጥማል፣ ባሩድ መዝኖ ይጨምራል፣ አረሩን በመጭመቂያ ይተክላል። ቀለሁ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ባሩዱ ግን ሁልጊዜ በአዲስ ይገዛል።

ንግዱ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ብሩስ ሆጅደን የተባለው ሰው ከጦሩ የተረፈ 4895 ባሩድ ገዝቶ ለተኳሾች በመቸርቸር ጀመረ፤ ለግዢውም በሕይወት ኢንሹራንሱ ተበድሮ እንደነበር ይነገራል። በስሙ የተጠራው ኩባንያ እስከ ዛሬ ዋና ሻጭ ቢሆንም በጣሳው ላይ ያለው ስምና ባሩዱን ያመረተው ፋብሪካ ለየቅል ናቸው። “ቫርጌት” እና “ኤች 4350” የሚባሉት ተፈላጊ ዓይነቶች የሚመረቱት አውስትራሊያ፣ ሙልዋላ ውስጥ ነው። ድቡልቡሎቹ ባሩዶች በብዛት የሚመጡት ፍሎሪዳ ካለው ሴንት ማርክስ ፋብሪካ ነው። ምልክቱ ብዙ፣ ምንጩ ጥቂት መሆኑን ገዢው የሚያውቀው ዕቃ ሲጠፋ ነው።

ምርጫው የሚጀመረው ከዋጋ ሳይሆን ከቃጠሎ ፍጥነት ነው። ትንሽ ቀለህና ቀላል አረር ፈጠን ብሎ የሚቃጠል ባሩድ ይፈልጋሉ፤ ትልቅ ቀለህና ከባድ አረር ደግሞ ዝግ ያለውን። አምራቾች ባሩዶችን ከፈጣን ወደ ዘገምተኛ የሚደረድር ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ሠንጠረዡ ቅደም ተከተል እንጂ መጠን አይናገርም፤ ጎረቤታሞች ናቸው ብሎ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። መጠኑ የሚገኘው አምራቹ ለዚያው ባሩድና ለዚያው አረር ካሳተመው መመሪያ ብቻ ነው፤ እሱም ከዝቅተኛው ተጀምሮ ነው።

ከዚህ በኋላ የአየር ጠባይ ይመጣል። በበጋ ሙቀት ተሞክሮ በበረዶ አደን ላይ የሚተኮስ ጥይት ፍጥነቱ ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ለሙቀት ብዙ የማይበገሩት ባሩዶች ዋጋቸው ወደድ ቢልም ፈላጊያቸው ብዙ ነው። ድቡልቡሉ ባሩድ ከመስፈሪያ እንደ ውኃ ይወርዳል፤ ዘንግ መሳዩ ግን አንዳንዴ ይሰነቀራል። ለሚቸኩል ሰው ይህም ዋጋ አለው።

ስለ ገንዘቡ ከተነሳ፣ አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬይን ነው። ፓውንዱ በ45 ዶላር ቢገዛና አንድ ጥይት 25 ግሬይን ቢወስድ 280 ጥይት ይወጣል፤ የአንዱ ባሩድ 16 ሳንቲም ግድም ይሆናል። 70 ግሬይን ለሚበላ ትልቅ ቀለህ ግን 100 ጥይት ብቻ ነው፤ 45 ሳንቲም። (ይህ የሂሳብ ምሳሌ እንጂ የመሙያ መጠን አይደለም።) በፓውንድ 8 ዶላር የረከሰ ባሩድ በትንሹ ጥይት ላይ የሚያተርፈው ሦስት ሳንቲም አይሞላም። ለዚህች ብሎ ጠመንጃው ያልወደደውን ባሩድ መግዛት የነጋዴ ሂሳብ አይደለም።

ፈተናው እጥረት ሲመጣ ነው። የባሩድ መሠረት የሆነው ናይትሮሴሉሎስ በአብዛኛው ከጥጥ ፍሬ ላይ ከሚላጭ አጭር ጭረት ይሠራል፤ ከእ.ኤ.አ. 2022 የዩክሬን ጦርነት ወዲህ የጦር ፋብሪካዎች ይሻሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ቪስታ አውትዶር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የዓለም የባሩድ እጥረትን ጠቅሶ የዋጋ ጭማሪ አስታወቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሸቀጥ የለመደ ሰው “ያ ከሌለ ይህን ስጠኝ” ይላል። በቡናም በስኳርም ያስኬዳል። በባሩድ ግን ተተኪ የገዛ ሰው መመሪያውን እንደገና ከፍቶ፣ መጠኑን ከታች ጀምሮ መሞከር አለበት፤ ለሙከራ የሚያልቀው አረርና ካፕሱልም ወጪ ነው።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ገዢዎች መጀመሪያ አንድ ፓውንድ ወስደው ይሞክራሉ፤ ከተስማማቸው ባለ 8 ፓውንዱን ጣሳ ይገዛሉ። ባሩድ በአደገኛ ዕቃነት ሲላክ በየጭነቱ ተጨማሪ ክፍያ ስላለው ጓደኛሞች ትዕዛዛቸውን ያዳብላሉ። በጣሳው ላይ የታተመውን የምርት ቁጥርም ያያሉ፤ ያው ስም ያለው ባሩድ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው መጠነኛ ልዩነት ስለሚኖረው፣ ቁጥሩ ከተለወጠ ሙከራው ይደገማል።

ዋጋ ይወደዳል ብሎ ማከማቸትም ገደብ አለው። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት የእሳት መከላከያ ደንብ በመኖሪያ ቤት በዋናው ጣሳ የሚፈቅደው እስከ 20 ፓውንድ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 50 ፓውንድ ድረስ ግድግዳው ቢያንስ አንድ ኢንች በሚወፍር የእንጨት ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። የኮመጠጠ ሽታ ያመጣ ወይም ቀላ ያለ ብናኝ ያወጣ ባሩድ እየተበላሸ ነውና፣ የቱንም ያህል ቢወደድ ይወገዳል።