ጠብታዋም ሌንስ ናት

ጤዛ ያረፈበት አበባ በካላንደሩም በእንቁጣጣሽ ካርዱም ላይ ስለበዛ ብዙ ሰው እንደ ተራ ጌጥ አይቶ ያልፈዋል። አልፈርድበትም፤ አብዛኛውን ፎቶ ያነሳው ጠብታዋን ጌጥ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። እኔ ይህን ሙያ የምወደው ግን በሌላ ምክንያት ነው። የምናነሳት ጠብታ ራሷ ሌንስ ናት፤ አንዱን ሌንስ ከቤት ይዘን እንወጣለን፣ ሁለተኛውን ሣሩ ላይ እናገኘዋለን።

ስለ ዕቃው ረጅም ወሬ አያስፈልግም። ማክሮ ሌንስ የሚባለው የነገሩን ምስል በእውነተኛ መጠኑ ሴንሰሩ ላይ ማሳረፍ የሚችለው ነው። 100 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ይመቻል፤ አበባውን ሳትነኩ ራቅ ብላችሁ ታነሳላችሁ። ለስልክም የሚለጠፍ ትንሽ ሌንስ አለ። ትራይፖድ ያለው ይያዝ።

ጊዜው መስከረም ነው። መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ የሌሊቱ ሰማይ ይጠራል፤ ደመና ስለሌለ ቅጠሉም አበባውም ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ከአየሩ በላይ ይቀዘቅዛል፣ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም ጤዛ ሆኖ ያርፍበታል። አደይ አበባ በሞላበት በሱሉልታ ሜዳ ፀሐይ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትወጣለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጥ ብላ ነው ሽቅብ የምትወጣው፣ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል። ስለዚህ ለስላሳው ብርሃን ብዙም አይቆይም። ከዚያ በኋላ ስስ ነጠላ በፀሐይዋና በአበባው መካከል ወጥሮ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ያኔ ጠብታዋ ላይ የምታብረቀርቀው ደረቅ ነጥብ ሰፍታ ትለሰልሳለች። ፍላሽ ያንኑ ደረቅ ነጥብ መልሶ ይተክልባታል። ነጭ ሸሚዝ አትልበሱ፤ ጠብታዋ ላይ ራሳችሁን ታነሳላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ክብ የውሃ ጠብታ ከሩቅ የመጣውን ብርሃን የምትሰበስበው ከጀርባዋ ወጣ ብሎ፣ የስፋቷን ግማሽ ያህል ርቀት ላይ ነው። ይህችን አንድ ነገር የያዘ ሰው የቀረውን ራሱ ይደርስበታል። ከሣር ጫፍ ከተንጠለጠለች ጠብታ ኋላ፣ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ላይ አደይ አበባ ካለ፣ አበባው በጠብታዋ ተገልብጦና አንሶ ይታያል። ምስሉ ጠብታዋ ውስጥ ያለ ይመስላል እንጂ ያለው ከፊቷ፣ በእሷና በካሜራው መካከል ነው። ጠብታዋ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ካላት፣ ጠርዟ ሆኖ የሚታየን ወገቧ ስለሆነ፣ ምስሉ ከጠርዟ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ካሜራው ቀርቦ ይቀመጣል። ፉል ፍሬም በሚባለው ካሜራ በእውነተኛ መጠን ስታነሱ ደግሞ፣ በኤፍ 8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ወይ የጠብታዋ ጠርዝ ይጠራል ወይ አበባው፤ ሁለቱም በአንድ ፎቶ አይገኙም። «ካሜራዬ ፎከስ አልይዝ አለ» ብሎ የሚማረረው ሰው ካሜራው ጤነኛ ነው፤ የቱን እንደሚፈልግ አልወሰነም። እኔ ሁልጊዜ አበባውን እመርጣለሁ።

ይህ ስሌት ከፎቶም አልፎ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር አጣልቶኛል። አዛውንት ናቸው፤ ለሙከራ ብዬ በቀትር ጽጌረዳ ላይ ውሃ ስረጭ አጥር ተደግፈው ያዩኛል።

«አንተ ልጅ፣ ተው ብዬሃለሁ! ጠብታው መነጽር ሆኖ ቅጠሉን ያነደዋል።»

«ኧረ ጋሼ፣ አያነደውም።»

«አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አትክልተኛ የነበረው ይህን ሳያውቅ ነው?»

ጋሼ ብቻቸውን አይደሉም፤ ብዙ የአትክልት መጽሐፍም እንዲሁ ይላል። ጠብታ ሌንስ መሆኗ ላይ ልክ ናቸው። የሳቱት ብርሃኑ የሚሰበሰብበትን ቦታ ነው። ቅጠሉ ላይ የተቀመጠች ጠብታ ቅጠሉን ነክታዋለች፤ ብርሃኑ የሚሰበሰበው ደግሞ ከጀርባዋ ርቆ፣ ማለትም ከቅጠሉ በታች ነው። ጠብታዋ ከተንጣለለች ደግሞ ይብሱን ይርቃል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ብርሃኑ ቅጠሉ ላይ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ያኔ ግን የማቃጠል ጉልበት የለውም፣ ውሃውም ቅጠሉን ያቀዘቅዘዋል። የቡዳፔስቱ ፊዚሲስት ጋቦር ሆርቫትና ባልደረቦቹ ይህን ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። በሜፕል ዛፍ ቅጠል ላይ ትንንሽ የብርጭቆ ኳሶች አስቀመጡ፤ ቅጠሉ ተቃጠለ። የውሃ ጠብታ አስቀመጡ፤ ምንም አልሆነ። ብርጭቆ ብርሃንን ከውሃ ይልቅ አጥብቆ ስለሚያጎብጥ የሚሰበስበው ቅርብ ላይ ነው። ውሃ ያቃጠለው ሳልቪኒያ የተባለውን ተንሳፋፊ ተክል ነው፤ ቅጠሉ ላይ ያሉት ፀጉሮች ጠብታዋን ከፍ አድርገው ስለሚይዟት ብርሃኑ ልክ ቅጠሉ ላይ ያርፋል።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። «ብርጭቆው አቃጠለ አላልክም?» አሉኝና አሸንፈው ገቡ። በቀትር ማጠጣት ውሃ ማባከን መሆኑን ግን እኔም አምናለሁ።

የአበባ ቅጠል ላይ የተቀመጠች ጠብታም በዚሁ ምክንያት የተገለበጠ አበባ አታሳይም፤ ከሥሯ ያሉትን ስስ መስመሮች ነው የምታጎላው። እሱም የራሱ ውበት አለው፣ በተለይ በጽጌረዳ። የጽጌረዳ የአበባ ቅጠል ጠብታዋን እንደ ኳስ አክብቦ ይይዛታል፣ ቢገለብጡትም አይለቃትም፤ የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ምስጢሩ በቅጠሉ ላይ ያሉት ደቃቅ ጉብታዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። የጎመን ቅጠል ግን ሰም ስላለው ጠብታዋን አክብቦ ያንከባልላታል፤ የጎመን ፎቶ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ግሊሰሪን በመርፌ እያንጠባጠቡ «የማለዳ ጤዛ» የሚሉትን አልወድም። ግሊሰሪን ስለማይደርቅ ይመቻቸዋል። ከእነሱ የባሰው ግን አንድ አበባ ለማንሳት ሃያውን ረግጦ የሚያልፈው ነው። አደዩ ያለው የገበሬ ማሳ ዳር ነው፤ አስፈቅዱ።

ሜዳ መውጣት ለማይችል ደግሞ ገብስ አለ። በቡቃያው ጫፍ ላይ የምናያት ትልቋ ጠብታ ብዙ ጊዜ ጤዛ አይደለችም፤ ሥሩ የሳበውን ውሃ ተክሉ ሌሊት በቅጠሉ ጫፍ የሚያስወጣው ነው። በጣሳ ገብስ ዝሩ፣ ሲበቅል ማታ በደንብ አጠጡትና ፌስታል አልብሱት። ጠዋት መስኮት ዳር አምጡትና ያገኛችሁትን አበባ ከኋላው አቁሙ። ፌስታሉን ስታነሱ ግን ቀስ በሉ፤ አንዱን ቡቃያ ከነካችሁ ሁሉም ይረግፋል።